በቀኝ ጥግ የምትታይ ነጥብ

ዛሬ ጋሼን ልጠይቅ ስሄድ በፒያሳ በኩል አለፍኩ፤ ሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ስደርስ እግሬ ቆመ። እኛ ጎንደሬዎች ይህን ሕንጻ ዘወር ብለን አናየውም። እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው ግንቡን ነው። ጣልያን በ1928 ከተማዋን ይዞ ኅዳር 1934 ድል እስኪሆን ድረስ ፖስታ ቤቱንም ሲኒማውንም የሠራው ለራሱ ሰው ነበር። ሐበሻና ነጭ አንድ አዳራሽ እንዲቀመጡ አይፈልግም ነበርና። ፒያሳ የሚለው ስምም ከእሱ የቀረ ነው።

እኔ የደረስኩበት ሲኒማ ግን የእኛ ነበር፤ በተለይ የጋሼ። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ፊልም አጫዋች ነበሩ። እናቴ እራታቸውን በምሳ ዕቃ ቋጥራ ትልከኛለች፤ እኔም በጠባቡ ደረጃ ወጥቼ ከማሽኖቹ አጠገብ እቆማለሁ። ክፍሉ እንደ ጋገራ ቤት ይሞቃል። መብራቱ አምፖል አይደለም፤ እርሳስ የሚያህሉ ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ተጠጋግተው ነው የሚነዱት። ባጠሩ ቁጥር ጋሼ ያስጠጓቸዋል፤ ከዘነጉ አዳራሹ ይደበዝዛል፤ ከታች ፉጨት ይቀልጣል።

ማሽኑ ሁለት የሆነበትን ምክንያት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዱ ጥቅል ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሊያልቅ ሲል በስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ ከላይ፣ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሳሉ። ከሰባት ሰከንድ በኋላ ሌላ ነጥብ፤ ያን ጊዜ ያሻግራሉ። በትክክል ከተሻገረ ከታች ማንም አያውቅም። «የእኔ ሥራ ካልታወቀ ነው ጥሩ የሚሆነው» ይሉኝ ነበር። ነጥቧን ካሳዩኝ ቀን ጀምሮ ግን እኔ ፊልም እንደ ሌላው ልጅ ማየት አልቻልኩም።

ፊልሙ ከአዲስ አበባ በቆርቆሮ ሣጥን፣ በአውቶቡስ ጣራ ላይ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ ይመጣል። ስንት ከተማ ዞሮ ስለሚደርሰን ብዙ ቦታ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። አንዳንዴ ማሽኑ ውስጥ ይያዝና ስክሪኑ ላይ የሕንዷ ልጅ ፊት መሐል ቡናማ እድፍ ይነሳል፣ እንደ ሊጥ አረፋ ይሠራል፣ ይበሳል። ጋሼ ያጠፋሉ፤ የተቃጠለውን በመቀስ ቆርጠው በማጣበቂያ ይቀጥሉታል። ስለዚህ አክተሩ በሩ ጋ ሲደርስ እናያለን፤ ወዲያው ደግሞ ውስጥ ቁጭ ብሎ እናገኘዋለን። እንዴት እንደገባ ሰፈር ስንመለስ እኛው እንጨርሰዋለን። የፊልሙ ግማሽ የሚሠራው መንገድ ላይ ነበር ብል አላጋነንኩም።

መዳከሙ በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ሰዓት እላፊ የማታውን ሰው ቀነሰው። ከዚያ ቪዲዮ ቤት መጣ፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ከግንድ የተሠራ መቀመጫ፣ ካራቴ ከጠዋት እስከ ማታ። ከዚያ ዲሽና የእንግሊዝ ኳስ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአማርኛ ፊልም አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ሰልፍ ሲያሠራ የጋሼም ሥራ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ግን እነዚያ ፊልሞች የተቀረጹት በቪዲዮ ነው። አዳራሹን እንጂ የጋሼን ማሽን አልፈለጉትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ሰው ሲመጣ እሳቸው አልተጠሩም።

የጃፓኑ ፉጂ ኩባንያ በ2005 ለሲኒማ መቅረጫ የሚሆን የፊልም ጥቅል መሥራት ማቆሙን ሰምቼ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ኮዳክስ?» አሉኝ።

«ኮዳክ አለ፣ ጋሼ።»

«እሰይ» አሉ፤ የታመመ ዘመዳቸው መትረፉን የነገርኳቸው ያህል።

ዛሬ ቡና እስኪፈላ በስልኬ አንድ የድሮ የሕንድ ፊልም ከፈትኩላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስልኩን ጠጋ አድርጌ ያዝኩላቸው። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ወሬያቸውን አቋረጡ። ዓይናቸው ወደ ቀኝ ጥግ፣ ወደ ላይ ሄደ፤ ቀኝ እጃቸውም ከጉልበታቸው ተነሥቶ አየር ላይ ቆመ። እኔም አብሬያቸው ጠበቅሁ።