ጋዋን ላጥብ ብዬ

ዛሬ እንዲሁ ደብሮኛል። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው እንዳልል ብርዱንማ ለምጄዋለሁ። ከዲዩቲ ወጥቼ ትንሽ ተኛሁና ጋዋኔን ላጥብ ተነሳሁ። ኪሱን ስፈትሽ በወረቀት የተጠቀለለ እምነት አገኘሁ። የመንዟ እናት ናቸው የሰጡኝ።

ልጃቸው የሚጥል በሽታ አለበት። ፌኖባርቢታል ጀምሮ ደህና ሆኖ ነበር። ጻድቃኔ ማርያም ሱባዔ ሲገቡ ግን መድኃኒቱን አስቆሙት። «ከጸበል ጋር አይሄድም» ያላቸው ሰው አለ። ይሄ መድኃኒት ደግሞ በአንዴ ሲቋረጥ ጉድ ነው፤ አንዱ ሳይለቀው ሌላው ይጥለዋል። እንደዚያ ሆኖ ነው ያመጡት።

ካርዱን ገለጥኩ። ባለፈው ሲመጡ የጻፍኩት፣ የእኔው የእጅ ጽሑፍ። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ሃይማኖት፦ ኦርቶዶክስ። ያቺን መስመር ስንቴ ሞልቻታለሁ! ሲኒየሩ ሐኪም ፊት ሂስትሪ፣ ማለትም የታካሚውን ታሪክ፣ ሳቀርብ «ኦርቶዶክስ» እላለሁ፣ «ቀጥዪ» ይለኛል፣ እቀጥላለሁ። «ጸበል ስትሄዱ መድኃኒቱን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብዬ የጠየቅኩበት ቀን የለም። ፈተና ላይ አይመጣማ። የስኳር ታካሚዎቻችንም እንዲሁ ናቸው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ኢንሱሊናቸውን እንደ ወትሮው ይወጋሉ። ጾሙ ትዝ የሚለን ስኳራቸው ወርዶ ተዝለፍልፈው ሲመጡ ነው።

አቡነ ጳውሎስ እኮ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪን መድኃኒት ከጸበል ጋር መውሰድ ይቻላል ብለው ነበር። እኔ ነገሩ ያኔ ያለቀ መስሎኝ!

እናትየዋን ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

«እማማ፣ ኪኒኑን በጸበሉ ቢያወርዱለትስ?» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ።

«አይ የኔ ልጅ፣ ይሄንን ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ምን እላለሁ? ልጁ ሲነቃ እምነቱን በእጄ አስጨበጡኝ። ስትደክሚ ተቀቢው ብለው።

አሁን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ሂስትሪ እየወሰድኩ ነው። ሃይማኖት፦ ኦርቶዶክስ። ጸበል፦ አዎ፣ ባለፈው ፈተና ሰሞን እማዬ በሃይላንድ የላከችልኝን በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ ስጠጣ ከረምኩ። ለጨጓራዬ የታዘዘልኝን ኪኒንስ ያን ሳምንት ውጬዋለሁ?

እንጃ።