ማታ አንድ

ነገሩ የሆነው ኮምቦልቻ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ በረመዳን ነው። ከባቲ የመጡ አንድ የእህል ነጋዴ ፊኛ ሊገባ ጥቂት የቀረው 7 ሚሊ ሜትር ጠጠር የሽንት ቱቧቸው ውስጥ ተወትፏል። ማዘዣው ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ፣ ለ4 ሳምንት ይላል። ፋርማሲስቷ 28 ፍሬ ቆጥራ ፓኮው ላይ «ማታ አንድ» ብላ ጽፋ ሰጠቻቸው።

ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ይወጣል። ታምሱሎሲን የሚያግዘው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቱቦው ግርጌ ላይ ለተቀመጠው ነው፤ እዚያ ያለውን ጡንቻ ያላላዋል። ታዲያ የደም ሥርንም ያላላል፤ ጣጣውም ከዚያ ይመጣል።

በማግስቱ ሰውዬው ግንባራቸው ተልጦ መጡ።

«ልጄ፣ የፕሮስቴት መድኃኒት ነው አሉኝ። የሌላ ሰው ሰጥተሽኝ እንዳይሆን?»

«አብሽሩ፣ የእርስዎ ነው። ለፕሮስቴትም ለጠጠርም ይሆናል፣ ለሴትም ይታዘዛል። እንዴት ዋጡት?»

በቴምርና በውሃ ሲያፈጥሩ አብረው ነው የዋጡት። ሾርባውን ፉት ቢሉ ማቅለሽለሹ አላስቀምስ አላቸው። ተራዊህ (የረመዳን የማታ ሶላት) ላይ ከሱጁድ ተነስተው ሲቆሙ ዓይናቸው ጨለመ፤ ወደቁ። የደም ግፊታቸውን ብትለካ የላይኛው ቁጥር ተኝተው 118፣ ቆመው 96 ሆነ።

ይህ እንክብል በባዶ ሆድ ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚደርስበት ጣሪያ ከ40 እስከ 70 በመቶ ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰ ሰውነት ላይ፣ ያውም የመጀመሪያዋ ፍሬ! «ማታ» ስትል እራት የበላ ሰው ታይቷት ነበር፤ በረመዳን ግን ማታ የሚገባው ባዶ ሆድ ይዞ ነው።

ሐኪሙ ዘንድ ደውላ ቀጥሉ ከተባለ በኋላ ፓኮውን ቀየረችው፦ «ከተራዊህ መልስ፣ ጠግበው በልተው ከ30 ደቂቃ በኋላ፤ ሳይከፈት፣ ሳይታኘክ።» ለስሁር ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ እንዲሉ ነገረቻቸው። ውሃውን ሌሊቱን እየከፋፈሉ ይጠጡ እንጂ ሕመሙ ሲጀምር በጆግ መገልበጥ ጠጠሩን አይገፋም፤ ሥቃዩን ነው የሚያባብሰው። ሽንታቸውንም በሻይ ማጥለያ እንዲያጠሉ (ማጥለያው ወደ ሻይ እንዳይመለስ አደራ ብላ)።

በ12ኛው ቀን ምስር የምታክል ቡናማ ነገር በክብሪት ቀፎ ይዘው መጡ። አልትራሳውንድ ታይቶ መድኃኒቱ ቆመ፤ ጠጠሯ ለምርመራ ሄደች። 17 ፍሬ ተርፏል።

«ለጎረቤቴ ልስጠው? እሱም ጎኔን ይላል።»

«ትኩሳት አለው?»

«ሌሊት ያንቀጠቅጠዋል።»

ፍሬዎቹን ከእጃቸው ተቀበለች። ጠጠር ሽንቱን ዘግቶ ከኋላው ያለው ከመረቀዘ መርዙ በሰዓታት ውስጥ ደም ይገባል፤ የታጎረው ሽንት በቱቦ ካልወጣ እንክብል አይደርስለትም።

«ስልክ አለው? አሁን ይደውሉለት። ነገ ሳይል ሆስፒታል ይሂድ።»