«ፓይተን ትተህ ጎ ተማር» መልስ አይደለም

የማስተዳድረው የቴሌግራም ግሩፕ ፓይተን ስለሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ማታ ማታ ብትገቡ ግን ስለ ላፕቶፕ ዋጋ፣ ስለ ሪሞት ሥራ፣ አልፎ አልፎም ስለ ማንቼ ሽንፈት ነው የሚወራው። እሱ ብዙም አያስጨንቀኝም። «ኧረ ወደ ርእሳችን» ስል ሰው ይመለሳል። የሚያስቸግረኝ ርእሱን መስሎ ከርእስ የሚወጣው ወሬ ነው።

በቅርቡ አንድ ልጅ ጥያቄ ይዞ መጣ። ፈንክሽኑ (በስሙ እየተጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ሌላ ካልተሰጠው ባዶ ሊስት፣ ማለትም ባዶ ዝርዝር፣ በዲፎልት ይቀበላል። ሁለተኛ ሲጠራው የፊተኛው ዳታ እዚያው ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፓይተን ዲፎልቱን የሚፈጥረው ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ሳይሆን መጀመሪያ ሲገለጽ አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ጥሪ ያንኑ አንድ ሊስት ይጋራል። ዲፎልቱን «ነን» (None፣ «ምንም» እንደማለት) አድርጎ ሊስቱን ፈንክሽኑ ውስጥ መፍጠር ነው፤ አለቀ።

ልጁ ያገኘው ግን ሌላ ነው። አንዱ የኮዱ መስመር ወደ ውስጥ ገባ የሚልበትን አይቶ «ታብ ምን ያደርግልሃል፣ ስፔስ ተጠቀም» አለው። ሌላው ለታብ ጥብቅና ቆመ። ሦስተኛው መጣና «ፓይተን ቀርፋፋ ነው፣ ትተህ ጎ ተማር» አለ፤ ጎ ሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ከዚያ ማን ይያዛቸው! ልጁ ጥያቄውን ደግሞ ለጠፈ። ዞር ብሎ ያየው የለም።

ሕግ ጠቅሼ እንዳላስቆማቸው ሁሉም የሚያወሩት ስለ ፕሮግራሚንግ ነው። «ምን አጠፋን?» ይሉኛል።

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ አይምሰላችሁ። ሃስኬል የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከነደፉት አንዱ የሆነው ፊሊፕ ዋድለር በዚህ የቀለደበት «ሕግ» አለው። የቋንቋ ዲዛይን ላይ ሰው ስለ ትርጉም አንድ ሰዓት ቢከራከር ስለ ሲንታክስ (የኮድ ሰዋስው) ሁለት፣ ስለ ፊደልና ምልክት አራት፣ ስለ ኮሜንት (ኮድ ውስጥ ለሰው የሚተው ማስታወሻ) አጻጻፍ ስምንት ሰዓት ይከራከራል ነው ነገሩ። የፓይተን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰምም በ2018 ከመሪነቱ የወረደው ኮሎንና እኩል ይሆናል በተጣመሩበት አንዲት ምልክት የተነሳ ጭቅጭቁ አንገፍግፎት ነው። ምልክቷ በፓይተን 3.8 ገባች። እኔም አሁን እጠቀምባታለሁ፤ ያን ያህል የምታጣላ አይደለችም።

እኔ ጋ አሁን አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጠያቂው ይመለስለታል። የቋንቋ ፉክክር ያማረው «ጀበና» ወደሚባለው ሁለተኛ ግሩፕ ይሄዳል፤ መልእክቱን እኔው ፎርዋርድ አደርግለታለሁ። «ሳንሱር ነው» ያሉኝ አሉ። ይበሉ።

ግን ከጥያቄው የወጣ መልስ ሁሉ ከግሩፑ አይነሳም። አንዷ ሲኤስቪ ፋይል (ዳታው በኮማ እየተለየ የሚጻፍበት) በኮማ ስትከፋፍል አድራሻው ውስጥ ያለው ኮማ እያበላሸባት ጽሑፍ ስለሚከፋፍለው ስፕሊት ጠየቀች። አንዱ «ስፕሊቱን ተዪው፣ ፓይተን የራሱ የሲኤስቪ ሞጁል (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) አለው» አላት። የጠየቀችውን አልመለሰላትም። ችግሯን ግን ፈታላት፤ በጥቅስ ውስጥ ያለውን ኮማ ሞጁሉ ራሱ ይለየዋል። እንዲህ ያለውን አልነካም። ጠያቂውን ይጠቅማል ወይ? እሱን ብቻ ነው የማየው።

ጀበና ግን ከዋናው ግሩፕ በላይ ሞቋል። ማታ የማይተኛ አድሚን እየፈለግኩ ነው፤ ታብና ስፔስ ላይ አቋም የሌለው ቢሆን ይመረጣል።