ፋይሉ ደረሰ፣ ማብራሪያው ቀረ

የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ደቡብ ወሎ የበልግ ዝናብ ነበር። የደጋ ገብስ ዘሪ በልግ ሲቀርበት ምን እንደሚያጣ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ያላወቅኩት፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረበት የሚናገር መረጃ ለማግኘት ስንት ወር እንደሚፈጅ ነው። በአቅራቢያው ያለው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ መዝገብ እንደ አሮጌ ጃንጥላ ቀዳዳው የበዛ ነበር፤ በአንዳንዱ ዓመት ሦስት ወር ሙሉ ባዶ ነው። አማካሪዬ «ሌላ ምንጭ ፈልግ» አሉኝ። የት እንደሚፈለግ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ።

የኢንተርኔት ጥቅሉ ሌሊት ስለሚረክስ ሰው ሲተኛ ተነሥቼ እፈልግ ነበር። «የኢትዮጵያ ዝናብ መረጃ» ብዬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስጽፍ የሚመጣልኝ ዜና፣ የሥልጠና ማስታወቂያና «ከፍለው ያንብቡ» የሚል ገጽ ነው። አንድ ሌሊት ተስፋ ቆርጬ፣ የአጻጻፍ ቅርፁን ለማየት ብቻ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ያወረድኩትን ስለ ድርቅ የሚያትት ሥራ ማገላበጥ ጀመርኩ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ «ቺርፕስ» የሚል ቃል አየሁ። የወፍ ጩኸት መስሎኝ ነበር።

ቺርፕስ የሳተላይት ምስልንና የምድር ጣቢያዎችን ልኬት አዋሕዶ የሚሠራ የዝናብ መረጃ ነው። ያዘጋጁት በሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1981 ጀምሮ፣ ጎንና ጎኑ አምስት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ለሆነ ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የዘነበውን ይገምታል። ደግሞም በነጻ ይወርዳል። ስለ እሱ በዚሁ አቆጣጠር በ2015 የወጣውን ጽሑፍ ጉግል ስኮላር በሚባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ አገኘሁና፣ ያንን ጽሑፍ የጠቀሱትን ሥራዎች የምታሳየውን ትንሽ መስመር ተጫንኩ። ግምቱን ከኢትዮጵያ ጣቢያዎች ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ተከታትለው መጡ። የሦስት ወር ድካሜ በአንድ ሌሊት ተቃለለ። ከዚያ ወዲህ የሰው ሥራ ስከፍት መደምደሚያውን ትቼ መረጃው ከየት እንደተገኘ የሚናገረውን ክፍል ነው የማስቀድመው።

ደስታዬን ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም። የስድስት ወረዳዎችን ዝናብ ቆርጬ በኤክሴል አዘጋጀሁና ለክፍላችን የቴሌግራም ቡድን «ይህን አግኝቻለሁ፣ ተጠቀሙበት» ብዬ ላክሁ። ያን ሌሊት ምርቃት ዘነበብኝ። ፋይሉም ወደ ሌሎች ቡድኖች እየተላለፈ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ለሴሚናር ያዘጋጀችውን ሠንጠረዥ አሳየችን። በአንድ ወረዳ በኦገስት ወር ብቻ ከ1,300 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቧል ይላል። ይህ በዚያ አካባቢ የዓመት ዝናብ እንኳ ቢሆን የሚያስገርም ነው። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን፣ ብዙ ዓመት በግብርና ልማት ሠራተኛነት ያገለገሉ «ጋሼ» የምንላቸው ተማሪ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዲህ ዘንቦ ቢሆን ኖሮ ገብሱም እኔም ዛሬ እዚህ አንገኝም» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅኩም፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ወዲያው አውቄዋለሁና።

የላክሁት ፋይል የአምስት ቀን ድምር ነበር። ቺርፕስ እያንዳንዱን ወር በስድስት ይከፍለዋል፤ በዓመት 72 ቁጥር ይሆናል። የወሩ የመጨረሻ ክፍል እንደ ወሩ ርዝመት ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ሊይዝ ይችላል። እኔ ይህን አንብቤ በራሴ ደብተር ጽፌዋለሁ፤ ፋይሉ ላይ ግን አንድ ቃል አላሰፈርኩም። እሷ እያንዳንዱን ቁጥር የአንድ ቀን ዝናብ አድርጋ አማካዩን በቀኖቹ ብዛት አባዛችው። ወረዳው በወረቀት ላይ በጎርፍ ተወሰደ።

ይቅርታ ጠየቅኋትና ሠንጠረዡን አብረን ደግመን ሠራነው። ያኔ ነው ሌላም ጉድ የወጣው፦ ገበሬዎቹ በቃለ መጠይቅ የሚነግሯት «መጋቢት» እና የእኔ ፋይል «ማርች» አንድ ወር መስለዋት ነበር። ለዚህም ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ዓምድ ጨመርን። እውነቱን ለመናገር፣ ከሠራሁት ሁሉ ለብዙ ሰው የጠቀመው ያ ዓምድ ነው።

ከዚያ በኋላ ፋይል በላክሁ ቁጥር መረጃው ከየት እንደወረደ፣ የትኛው እትም እንደሆነ፣ መቼ እንዳወረድኩትና አንዱ ቁጥር የስንት ቀን እንደሆነ የሚገልጽ መልእክት ከሥሩ መጻፍ ጀመርኩ። ይህም አልበቃም። ሰው የሚያስተላልፈው ፋይሉን ብቻ ነው፤ መልእክቴ እዚያው ይቀራል። ማብራሪያውን ለብቻው በሰነድ አዘጋጅቼ አብሬ ብልክም ሁለቱ መንገድ ላይ ይለያያሉ። አንድ ቀን የማላውቀው የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የራሴን ፋይል «ይጠቅምሃል» ብሎ ላከልኝ፤ ማብራሪያው አልነበረም።

አሁን የምጽፈው እዚያው ኤክሴሉ ውስጥ፣ ከቁጥሮቹ በላይ ባለው በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው፤ በቀይ። «እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ቀን አይደለም» ይላል። ቀለሙ ያስጠላል ያሉኝ አሉ።