ሮዛሺያና ብጉር አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ

ሮዛሺያ ፊትን የሚያቀላና የሚያቃጥል የቆዳ ሕመም ነው። ከብጉር የሚለየው ጫፉ የጠቆረ የተደፈነ ቀዳዳ ነው፤ ብጉር ላይ አለ፣ ሮዛሺያ ላይ የለም። ጠይም ቆዳ ላይ የሮዛሺያው መቅላት ስለሚደበቅ ማቃጠሉንና መጋሉን ለቆዳ ሐኪሙ ንገሩት።

ሐኪሞች ለሁለቱም ከሚያዙት አንዱ 15 በመቶ አዜላይክ አሲድ ያለው የሚቀባ መድኃኒት ነው። ፊት በለብታ ውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ (እርጥብ ቆዳ ላይ ይበልጥ ይለበልባል)፤ መጀመሪያ የቆዳ ማለስለሻ ቅባት፣ ከዚያ የአተር ፍሬ የምታህል መድኃኒት ለመላው ፊት። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት አንድ ቀን እየዘለላችሁ ተቀቡ። ትንሽ መቆጥቆጡ ያለ ነው፤ ቆዳው ከተላጠ ግን ሐኪሙን አማክሩ። ለውጡ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ በ3ኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ መተው ያሳዝናል። ጠዋት ዚንክ ኦክሳይድ ያለው የፀሐይ መከላከያ አይቅር።

የስቴሮይድ ቅባት ግን እባካችሁ ሐኪም ሳያዝ ፊታችሁን አይንካ፦ ለጥቂት ቀን ያበርደዋል፣ ሲቋረጥ ሮዛሺያው ብሶበት ይመለሳል።