ሁለት ጠጠር ስድስቱንም ጎን ዘጋብኝ

ባለፈው እሁድ ከጓደኛዬ ጋር ዋርጌም (ጦርነትን ቦርድ ላይ የሚያስመስል ጨዋታ) ስንጫወት አንዷ ጠጠሬ ሞተችብኝ፣ የሞተችው ደግሞ ዳይሱ ከፍቶብኝ አይደለም፣ ዳይሱማ እንደውም አዝኖልኝ ነበር። በጂኦሜትሪ ነው የበላኝ። እስካሁን ስላንገበገበኝ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቦርዱ ያው እንደ ንብ ቀፎ ስድስት ጎን ባላቸው ቤቶች የተሞላው ዓይነት ነው፣ እኛ በአጭሩ ሄክስ ነው የምንለው። የኔዋ ጠጠር ጉልበቷ 4 ነው፣ ድልድይ ይዛ ቆማለች። እሱ ጉልበቷ 7 የሆነች ጠጠር አምጥቶ ፊት ለፊቷ ገተረ። ይሁን አልኩ። ከዛ ሌላ ጠጠር ዙሪያዬን ሳይነካ በሩቁ አዙሮ አዙሮ በመጨረሻ ልክ ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ውጊያ ላይ የሚታየው የአጥቂው ጉልበት ተደምሮ የተከላካዩን ስንት እጥፍ ነው የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ይቺን ሁለተኛዋን 4 ናት ብዬ ይዣታለሁ፣ 7 እና 4 ደምረህ 11፣ 11 ለ 4 ደግሞ ሦስት እጥፍ አይሞላም፣ በነዚህ ጌሞች ትርፍራፊው ብዙ ጊዜ ለተከላካይ ተብሎ ስለሚጣል 2 ለ 1 ሆኖ ነው የሚታሰበው፣ በ2 ለ 1 የሚያጠቃ ሰው ደግሞ ራሱም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዘና ብያለሁ። ለካ 5 ናት! 12 ለ 4፣ ቁልጭ ያለ 3 ለ 1። አንዲት ነጥብ።

እሺ ዳይሱ ተጣለ፣ የውጊያውን ውጤት የሚነግረው ሰንጠረዥ ላይ ሲታይ የወጣው «ተከላካይ ያፈግፍግ» ነው። ተመስገን ብዬ ጠጠሬን አንስቼ ወዴት ላድርጋት ስል ፈገግ ብሎ ያየኛል። ከስድስቱ ጎን እሱ የያዘው ሁለቱን ነው፣ አራቱ ባዶ ናቸው አይደል? አዎ ባዶ ናቸው፣ ግን እያንዳንዷ ጠጠር በዙሪያዋ ያሉትን ስድስት ቤቶች «ትቆጣጠራለች»፣ እዛ ውስጥ የገባ ጠላት መቆም አለበት፣ በብዙዎቹ የድሮ ጌሞች ደግሞ እዛ ውስጥ ላፈግፍግ ያለ ጠጠር ይጠፋል። አሁን ቁጠሩት። ከአራቱ ባዶ ቤቶች ሁለቱ የፊተኛዋን ጠጠር ይነካሉ፣ ሁለቱ የኋለኛዋን። ነፃ ቤት የለም። ሁለት ጠጠር ፊትና ኋላ ከቆሙ ስድስቱም ጎን ተዘጋ ማለት ነው። ስንት ዓመት ስጫወት ይሄን በጣቴ ቆጥሬ አላውቅም ነበር፣ ሼም ነው።

የሚገርመው ይሄ ሁሉ የመጣው ከቤቱ ቅርጽ መሆኑ ነው። የዘመኑ ዋርጌም አባት የሚባለው ቻርልስ ሮበርትስ በ1954 ያወጣው ታክቲክስ የሚባል ጌም ራሱ እንደ ዳማ በአራት ማዕዘን ቤት ነበር፣ በ1958 አቫሎን ሂል በሚባለው ድርጅቱ ያወጣው የጌቲስበርግ ጌም የመጀመሪያ እትምም እንደዛው። ከዛ ሮበርትስ፣ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ለራሱ የጦር ጨዋታ ሄክስ እንደሚጠቀም ከፎቶ አየና በ1961 ጌቲስበርግን በሄክስ አድርጎ እንደገና አወጣው። ከዛ በኋላ ይሄ ዘርፍ ከሄክስ አልወጣም ማለት ይቻላል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ምክንያቱን ሰው ሁሉ የሚያወራው በሰያፍ ርቀት ነው። በአራት ማዕዘን ቤት በሰያፍ አንድ እርምጃ ስትሄድ በእውነት የሄድከው 1.41 ነው፣ ማለትም ሰያፍ የሚሄድ ጦር በነፃ ይፈጥናል፣ ሰያፍ ከከለከልክ ደግሞ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ይንቀራፈፋል። በሄክስ ስድስቱም ጎረቤት እኩል ርቀት ላይ ነው። ልክ ነው፣ ግን ለኔ ትልቁ ነገር ርቀቱ ሳይሆን ጥጉ ነው። በአራት ማዕዘን አንድ ጥግ ላይ አራት ቤቶች ይገናኛሉ፣ ስለዚህ ሁለት ጠጠር በሰያፍ ቆመው መስመር ይሠራሉ ወይስ መሀላቸው ክፍተት አለ የሚለው ሁሌ ያጨቃጭቃል። በሄክስ ጥግ ላይ የሚገናኙት ሦስት ብቻ ናቸው። ሾልኮ የሚታለፍበት ጥግ የለም፣ ወይ ተዘግቷል ወይ ክፍት ነው። ዴንማርካዊው ፒት ሃይን በ1942 ከዛ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ናሽ በ1948 ለየብቻቸው የፈጠሩት ሄክስ የሚባለው ጨዋታ አቻ የማይወጣበትም በዚሁ ነው፣ አንዱ ከዳር እስከ ዳር መስመሩን ካልዘረጋ ሌላው የግድ ዘርግቷል።

ግንባር የሚባለው ነገር እዚህ ቦርድ ላይ እውነት የሚመስለውም ለዚህ ነው። ቀጥ ባለ መስመር ላይ የቆመች ጠጠር ከፊቷ የሚነካት ሁለት የጠላት ቤት ብቻ ነው። አንድ ቤት ወደፊት ብቅ ካለች ግን አራት። ጀማሪ ሁሉ ደስ ብሎት አንድ ጠጠር ወደፊት ይገፋና በሚቀጥለው ተራ ከአራት አቅጣጫ ሲበላ ዳይሱን ይሳደባል፣ እኔም ተሳድቤያለሁ። በተቃራኒው ጠጠር ካነሰህ በሁለት በሁለት ባዶ ቤት አራርቀህ ብታቆማቸው ሦስት ጠጠር የዘጠኝ ቤት ግንባር ይዘጋሉ፣ ሰውየው በየትኛውም ቢመጣ ከአንዷ ቁጥጥር ውስጥ ይገባና ይቆማል።

ሄክስ ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። በሦስት መስመር ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ፣ በነሱ መሀል መሄድ ከፈለክ ግን ዚግዛግ ነው፣ ሁለት እርምጃ ከፍለህ የምታገኘው 1.73 ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ወይ ወንዝ ቦርዱ ላይ እንደ ሰካራም የሚወላገደውም በዚህ ነው። ከሰያፉ ጣጣ ግን ይሻላል።

መሞከር ለፈለገ ሰው ካርቶን ጠጠር የሞላበት ሳጥን መግዛት የግድ አይደለም፣ ባትል ፎር ዌስኖዝ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ጌም አለ፣ ሄክስ ነው፣ ቁጥጥሩም አለ፣ እዛ ላይ ሌባው የሚባለው ገጸ ባሕርይ የሚመታው ሰው በተቃራኒ ጎኑ ሌላ ጠላት ከቆመበት ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ይሄው፣ የእሁዱ ነገር!

እኔ ቦርዱን አላነሳሁትም፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ትናንት ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስነካካው ጉልበቷ 1 የሆነች አንዲት የኔ ጠጠር ቦርዱ ጥግ ላይ ያለ ሥራ ቆማ አየኋት። እሷን ከድልድይዋ ጠጠር ጀርባ ባቆማት ኖሮ እሱ ልክ ከኋላ መግባት አይችልም፣ በጎን ቢመጣ ደግሞ በሌላው በኩል አንድ ነፃ ቤት ይቀር ነበር። አራት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት፣ አራቱንም ጊዜ ወጣች።