የኮሎራዶ አየርና የኪቱ መመሪያ፦ በቤቴ ጋራዥ ሱፐርቻርጀር የገጠምኩበት ተሞክሮ

በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ የሚነዳ ሰው ፋብሪካው ለመኪናው የጻፈለትን ጉልበት አያገኝም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በባሕር ጠረፍ 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 12.1 ገደማ ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ኦክስጅኑ ሲቀንስም ሊቃጠል የሚችለው ቤንዚን አብሮ ይቀንሳል። የእኔ መኪና የ2015 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ጂ.ቲ. ነው። ባለ 5.0 ሊትሩ ስምንት ሲሊንደር ሞተር 435 የፈረስ ጉልበት አለው ቢባልም፣ በዚህ ከፍታ ከስድስት እጅ አንዱ ያህል ገና ከመነሻው የለም። ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ቢነዳ ደግሞ ሩብ የሚጠጋው በጠፋ ነበር።

ሱፐርቻርጀር ይህን ጉድለት የሚሞላው አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ በመግፋት ነው። እኔም ኪቱን፣ ማለትም ሱፐርቻርጀሩን ከነመግጠሚያ ዕቃዎቹ፣ ገዝቼ በቤቴ ጋራዥ ውስጥ ገጠምኩት። ቡሎኑ በየት በኩል እንደሚፈታ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ኪቱ በሥዕል የተደገፈ ጥሩ መመሪያ ይዞ ይመጣል። መመሪያው ያልነገረኝ፣ ቁጥሮቹ የተሰሉበት አየርና ቤንዚን እኔ ከምኖርበት አየርና ከምቀዳው ቤንዚን የተለዩ መሆናቸውን ነው። ከብረቱ ሥራ ይልቅ ጊዜዬን የወሰደውም ይህ ነበር።

ከፍታን ለማካካስ ቱርቦ ይሻላል የሚለው ክርክር ትክክል ነው። ቱርቦ የሚዞረው በጭሱ ጉልበት ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ፍጥነቱን ጨምሮ የተፈለገውን ግፊት ሊጠብቅ ይችላል። ሱፐርቻርጀር ግን በቺንጋ ከሞተሩ ዘንግ ጋር የታሰረ ስለሆነ ፍጥነቱን የሚወስነው የሞተሩ ዙርና ቺንጋው የሚዞርበት የፑሊው ስፋት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቱርቦ የጭስ መውጫውን መቀየር፣ የዘይት መስመር መዘርጋትና እንደ ፍም የሚግል ቧንቧን ከገመዶች ማራቅ ይጠይቃል፤ እነዚህን ሁሉ በቤት ጋራዥ በጥራት መሥራት ይቻላል ብዬ አላምንም። ስለዚህ በሞተሩ አናት ላይ፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል የሚቀመጥ፣ የኢተን ባለ 2.3 ሊትር ሱፐርቻርጀር ያለበትን ኪት መረጥኩ። በውስጡ እያንዳንዳቸው አራት ጥርስ ያላቸው፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ ሁለት ጠማማ ዘንጎች አሉት፤ ሞተሩ ገና በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ አየር መግፋት ይጀምራል።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ። የኪቱ ወረቀት 7 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት ይሰጣል ይላል። ይህ በባሕር ጠረፍ ሲሆን 14.7 ላይ 7 ተደምሮ 21.7 ይሆናል ማለት ነው፤ ሱፐርቻርጀሩ የገባለትን አየር ግፊት ወደ 1.48 እጥፍ ያደርሰዋል። በቺንጋ የታሰረ መሣሪያ በየትኛውም ከፍታ በግምት ተመሳሳይ የሆነ እጥፍ እንጂ ተመሳሳይ ድምር አይሰጥም። 12.1 በ1.48 ሲባዛ 17.9 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ የውጪው 12.1 ሲቀነስ በግፊት መለኪያው፣ በጌጁ፣ ላይ የሚታየው 5.8 ብቻ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የአየር ማምለጫ እየፈለገ መቆየቱ፣ ወይም ጉድለቱን ለመሙላት ብሎ አነስተኛ ፑሊ መግዛቱ አይቀርም። አነስተኛው ፑሊ አውሮራ ላይ 7 ፒ.ኤስ.አይ. ቢያሳይ፣ ያው መኪና ወደ ሂውስተን ወይም ወደ ቨርጂኒያ ሲወርድ 8.5 ያህል ይገፋል፤ የቤንዚኑና የብልጭታው ልክ ለ7 ከተሰላ ደግሞ ሞተሩን የሚጎዳው ይህ ትርፍ ነው። እኔ ከኪቱ ጋር የመጣውን ፑሊ አልነካሁም። የሚገባው 17.9 ፒ.ኤስ.አይ. ከባሕር ጠረፉ የተፈጥሮ አየር እንኳ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ፋብሪካው የጻፈውን ጉልበት መልሼ ከዚያም በላይ አግኝቻለሁ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቀደመ አንድ ጉዳይ ነበር። በአዲስ አበባ ጋራዦች ለብዙ ዓመታት የሠራ፣ እዚህ አገርም ሙያውን ያልተወ ጎረቤት አለኝ። ሊረዳኝ ሲመጣ የኪቱን ሣጥን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ልጄ፣ ኮምፕሬሽኑን ለክተሃል?» አለኝ። «አዎ ጋሼ፣ ስምንቱም ተቀራራቢ ናቸው» ብዬ ወረቀቱን እስካሳየው ድረስ ኮፋኖውን አላስከፈተኝም። ልክ ነበር፤ ኮምፕሬሽን እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚያሳይ ነው። የዚህ ሞተር የጭመቃ ልክ 11 ለ 1 ስለሆነ ያለ ሱፐርቻርጀር እንኳ ከፍተኛ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ የደከመ ከሆነ ተጨማሪው ግፊት ድካሙን ወደ ስብራት ይለውጠዋል። በዚህ ሞተር ላይ ሌላም የታወቀ ደካማ ጎን አለ፤ የዘይት ፓምፑ ጥርሶች የተሠሩት ከተጨመቀ የብረት ዱቄት በመሆኑ፣ ሱፐርቻርጀር በተገጠመላቸውና እስከ መጨረሻው ዙር ደጋግመው በሚነዱ መኪኖች ላይ መሰበራቸው ይታወቃል። ለመቀየር የሞተሩን የፊት ክዳን ማውረድ ያስፈልጋል። እኔ በዝቅተኛ ግፊትና በመንገድ ላይ ብቻ ስለምነዳ ተውኩት፤ ለውድድር የሚያስብ ሰው ግን እንዲተወው አልመክርም።

የቤንዚን መስመር ስለሚፈታ የእሳት ጉዳይ በዋዛ አይታይም። በአሜሪካ ብዙ ቤቶች ውስጥ የጋዝ ውኃ ማሞቂያው ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ትንሿ ነበልባል ሁልጊዜ ትበራለች፤ የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይሳባል። እርሷን አጥፍቼ የጋራዡን በር ከፍቼ ነበር የሠራሁት። የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ አውጥቶ ሞተሩን እስኪጠፋ ድረስ ማስነሳት በመስመሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ያስወግዳል፤ ከዚያ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀላል።

የፋብሪካው የአየር ማከፋፈያ ሲነሳ ስምንት ቀዳዳዎች በቀጥታ ወደ ሲሊንደሮቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ በዚህች ሰዓት አንዲት ትንሽ ቡሎን ወይም የአሮጌ ጓርኒሲዮን ቁራጭ ብትገባ ቴስታታውን፣ የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን፣ እስከማውረድ ታደርሳለች። ስለዚህ ማከፋፈያውን ከማንሳቴ በፊት ዙሪያውን በነፋስ አጸዳሁ፤ እንዳነሳሁትም ቀዳዳዎቹን በሙሉ በቴፕ ሸፈንኩ፤ ቴፑን የላጥኩት አዲሱ ክፍል በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ከማከፋፈያው ሥር፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ፣ የሞተሩን ማንኳኳት፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለጊዜው በራሱ ሲፈነዳ የሚወጣውን ድምፅ፣ የሚሰሙ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ሱፐርቻርጀሩ ከተቀመጠ በኋላ እጅ ስለማይደርስባቸው፣ ሶኬቶቻቸው በትክክል መግባታቸውን ሁለታችንም በየተራ አረጋገጥን። ለዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የሁለቱ ሴንሰሮች መስማት ነው።

ሱፐርቻርጀሩ ከባድ ቢሆንም በጉልበት ማንሳት ይቻል ይሆናል፤ ቀስ አድርጎ በልኩ ማሳረፍ ግን ያለ ማንሻ ክሬን አይሆንም። ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ ጥብቀትን በሚለካ ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ በመጠኑና በደረጃ ይጠበቃሉ፤ ከአልሙኒየም በተሠራው ቴስታታ ላይ የሚፈቀደው ጥብቀት የእጅ አንጓ ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው። የቤንዚን መርጫዎቹ በትልልቆቹ ተተኩ። ካንዴላዎቹም ሙቀትን ፈጥነው በሚያስወጡት ተቀየሩ፤ በፋብሪካው ወደ 1.3 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተታቸውም ወደ 0.9 ጠበበ፤ ምክንያቱም ብልጭታ በታመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል ይቸገራል።

ከብረቱ ሥራ ሁሉ ረዥሙ የማቀዝቀዣው ነበር። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ በ30 ዲግሪ ቀን የገባ አየር ከሱፐርቻርጀሩ ሲወጣ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። የጋለ አየር ደግሞ ሳስቶ ጉልበት ይቀንሳል፤ ቤንዚኑንም ከብልጭታው የተነሳው ነበልባል ሳይደርስበት በራሱ እንዲፈነዳ ይገፋፋዋል፤ ማንኳኳት የሚባለው ይህ ነው። ኪቱ ለዚህ ከሞተሩ ራዲያተር የተለየ የራሱ ውኃ፣ ፓምፕና ትንሽ ራዲያተር አለው። ይህን ለመግጠም የፊቱ ፓራውልት ይወርዳል፣ ቧንቧዎች ከፊት እስከ ሞተሩ ይዘረጋሉ። በመስመሩ ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ፓምፑ ድምፅ ያሰማል እንጂ ውኃው አይዘዋወርም፤ ስለዚህ ፓምፑን ለብቻው አሠርቼ፣ የመኪናውን አፍንጫ በክሪክ ከፍ አድርጌ፣ በማጠራቀሚያው ውስጥ ውኃው ሲሽከረከር እስካይ ድረስ አየሩን አስወጣሁ። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ይቸኩላል ብዬ እገምታለሁ፤ በበጋ ዳገት ላይ ጉልበት ጠፋብኝ የሚለው ቅሬታም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

ሞተሩን ከማስነሳት በፊት ሞተሩን በሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ላይ አዲስ ፕሮግራም መጫን አለበት፤ ትልልቆቹን መርጫዎች የማያውቀው የፋብሪካው ፕሮግራም ሲሊንደሮቹን በቤንዚን ያጥለቀልቃቸዋል። ፕሮግራሙ ከመሪው ሥር ባለው የኦ.ቢ.ዲ. (የመኪና መመርመሪያ) ሶኬት በኩል ይጫናል። በጭነቱ መሐል የባትሪው ኃይል ቢወርድ ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ስለሚችል ቻርጀር ሰክቼበታለሁ። መኪናው ከተነሳ በኋላ ያለው ሥራ የመንዳት ሳይሆን የመመዝገብ ነው፦ የአየርና የቤንዚን ምጥጥን፣ የሚገባው አየር ሙቀት፣ የቤንዚን መስመሩ ግፊት፣ ኮምፒውተሩ ማንኳኳት ሰምቶ ብልጭታውን ስንት ዲግሪ እንዳዘገየ። ሙሉ ጋዝ ሲረገጥ ምጥጥኑ ወደ 11.8 ለ 1 ገደማ ሆኖ፣ የቤንዚኑ ግፊት ሳይወርድ ከቆየ ነገሩ ደህና ነው። ምጥጥኑ ወደ 13 ከወጣ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ስለሆነ፣ እግርን ወዲያውኑ ማንሳት እንጂ ምክንያቱን በዚያው ፍጥነት መመርመር አይገባም። እኔ መጀመሪያ በግማሽ ጋዝ፣ ከዚያ በሦስት አራተኛ እየመዘገብኩ ፋይሉን ለፕሮግራሙ ባለሙያ ላክሁ፤ ሙሉ ጋዝ የረገጥኩት እርሱ ሲፈቅድልኝ ነው።

የቤንዚኑን ጉዳይ ከሌሎች አገሮች ለሚያነቡ ለይቼ ልናገር። በኮሎራዶ ተራው ቤንዚን ኦክቴኑ፣ ማለትም ማንኳኳትን የመቋቋም ልኩ፣ 85፣ ከፍተኛው ደግሞ 91 ነው፤ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል 93 ይገኛል። ስለዚህ ለ93 የተሰላ ፕሮግራም እዚህ አይሆንም፤ ለ91 የተዘጋጀውን ጠይቄ ወሰድኩ። የአሜሪካ ቁጥር የሁለት መለኪያዎች አማካይ ስለሆነ፣ የእኛ 91 በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከ95 ጋር ይቀራረባል። ዱባይ ያለ ወንድማችን «ለ91 የተሠራ ነው» የተባለ የአሜሪካ ፕሮግራም ጭኖ በዚያው ፓምፕ ላይ 91 የተጻፈበትን ቢቀዳ፣ ከሚያስፈልገው በታች የሆነ ቤንዚን ቀድቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ወስዶ ለመግጠም የሚያስብም ከፑሊው በፊት ስለቤንዚኑ ይጠይቅ፤ በዚያ ከፍታ ጌጁ 5.3 ገደማ ብቻ ማሳየቱ ጤናማ ነው፣ መጥፎ ቤንዚን ግን በጌጁ ላይ አይታይም።

የቀረው ሕጉ ነው። በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን የሚያዛባ ለውጥ የተከለከለ ስለሆነ፣ ከመግዛቴ በፊት ኪቱ ከካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር እንዳለው አረጋግጫለሁ፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ተለጣፊ ከኮፋኖው ሥር ይለጠፋል። ለኢንሹራንሱም አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል፤ ያልተነገረው ዕቃ በአደጋ ቀን ላይካስ ይችላል። ፕሮግራሙ ሲጫን ኮምፒውተሩ የራሱን የጭስ ፍተሻ ውጤቶች ከማኅደሩ ስለሚሰርዝ፣ ወደ ምርመራ ጣቢያ ከመሄድ በፊት መኪናው በከተማና በአውራ ጎዳና እንደወትሮው ተነድቶ ፍተሻዎቹን እንደገና መጨረስ አለበት። አርባ ዶላር የማትሞላ የኦ.ቢ.ዲ. ማንበቢያ ፍተሻዎቹ ማለቃቸውን ትናገራለች፤ እኔም እርሷ «ዝግጁ» እስክትል ድረስ ጠብቄ ነው የሄድኩት።